ኮቪዱ ለቀቀኝ፣ ድብርቱ ግን አልሄደም

ዛሬ እማዬ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። አቦሉን ሳልቀምሰው ሲኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ፣ ቶና ደረሰ። «ልጄ፣ ድነሻል እኮ፤ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። እንባዬ ቀደመኝ።

ከኮቪድ ካገገምኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ሳሉ ጠፍቷል፤ የቡናው ሽታም ይሸተኛል። ግን ምንም ደስ አይለኝም። ስንፍና መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

ከሰዓት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቫይረሱ ከሄደ በኋላም ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ብግነት ስሜትን ሊያውክ እንደሚችል አስረዳችኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከ230 ሺህ በላይ ኮቪድ የያዛቸውን ሰዎች መዝገብ አይተው ነበር። ሲሶ ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ የአእምሮ ወይም የነርቭ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ለካ ብቻዬን አይደለሁም!

ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ለቀጣዩ ቀጠሮ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች።