ጉበት ታማሚዋ እህቴና አይኗ

ዛሬ ከኮምቦልቻ ተነስተን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ አይን ሀኪም ጋ እህቴን ይዤ ዋልኩ። ኦቶኢሙን ሄፓታይተስ አለባት፣ የራሷ የሰውነት መከላከያ ነው ጉበቷን የሚያጠቃው (ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እባካችሁ ብርጭቆ አትለዩባት)። ሰሞኑን "አይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል" እያለች ስታሽ ነው የምትውለው፣ ሰፈሩ ደግሞ አቧራ ነው አቧራ ነው ይላታል። ጉበት ሲባል ሰው የሚያውቀው አይን ቢጫ ሲሆን ብቻ ነው።

ዶክተሯ ቀጭን ወረቀት ጫፉን አጠፍ አርጋ የታችኛው የአይኗ ቆብ ላይ ሰካችላት፣ አይንሽን ጨፍኚ ብላ 5 ደቂቃ ጠበቀች። ስታወጣው 5 ሚሊ ሜትር እንኳን አልረጠበም፣ ጤነኛ አይን 10ና ከዛ በላይ ያረጥባል አለችን። ያው የሰውነት መከላከያ አንዳንዴ የእንባና የምራቅ እጢንም ይመታል፣ ሾግረን ይባላል አለች፣ አፏ ለምን እንደሚደርቅባትም ገና ዛሬ ገባኝ።

ሌላው ለጉበቷ የምትወስደው ኪኒን፣ ፕሬድኒሶሎን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል፣ ስለዚህ ሁለቱንም አየችላት። ግፊቱ አልሀምዱሊላህ ደህና ነው፣ ሞራ ግን ጀምሯታል። እህቴ ወዲያው ኪኒኑን ልተወው ስትል ዶክተሯ ኮስተር ብላ "በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ጉበትሽም ሰውነትሽም ይጎዳል፣ መጠኑን የሚቀንሰው የጉበት ሀኪምሽ ነው፣ አብሽሪ ሞራው ካስቸገረሽ በኦፕራሲዮን ይወጣል" አለቻት።

ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) የሌለው ሰው ሰራሽ እንባ (የአይን ጠብታ) ታዞላታል፣ ኮምቦልቻ የት ፋርማሲ እንዳለ የምታውቁ በአላህ ኢንቦክስ አርጉልኝ።