ባንኮክ ውስጥ ለምትሠሩ፦ ስለ ሪ-ኢንትሪ ማንም ያልነገረኝ

እናቴን ቀብሬ ወደ ሥራዬ ልመለስ ቦሌ ስቆም አንዲት የአየር መንገድ ሠራተኛ ፓስፖርቴን ሁለት ጊዜ ገልብጣ አየችና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አልፏል» አለችኝ። ታይላንድ ውስጥ ስድስት ዓመት ገደማ ኖሬያለሁ፤ ግብሬን ሳላጓድል ከፍያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ያለ ፈቃድ አድሬ አላውቅም። ስለ ሪ-ኢንትሪ፣ ማለትም ከታይላንድ ወጥቶ በዚያው የመኖሪያ ፈቃድ ለመመለስ ስለሚያስችለው ማኅተም፣ አንዲት ነገር ግን የነገረኝ አልነበረም። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ቤቴ ሱኩምቪት፣ ናና ሰፈር፣ ሶይ 3 አጠገብ ነው። ለሕክምና ባንኮክ የመጣ ኢትዮጵያዊ ሰፈሩን ያውቀዋል። እኔም መጀመሪያ የመጣሁት አጎቴን ለማስታመም ነበር። ታማሚው ሆስፒታል ይተኛል፤ አስታማሚው ሁለት ሦስት ሳምንት በሩዝና በኑድል ይከርማል። አሳንሰር ውስጥ የማገኘው አበሻ ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ እንጀራ የት እንደሚገኝ ነበር። ምግብ ቤቴ ከዚያ ጥያቄ ተወለደ።

ስለ አከፋፈቱ ባጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የታይላንድ የውጭ ዜጎች የንግድ ሕግ መሠረት የውጭ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ከ49 በመቶ በላይ ድርሻ ይዞ መሥራት ከፈለገ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ትንሽ ቤት ያ የማይታሰብ ነው። ለአንድ የውጭ ዜጋ ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) 2 ሚሊዮን ባት የተመዘገበ ካፒታልና 4 ታይላንዳውያን ሠራተኞች ይጠየቃሉ። የመኖሪያ ፈቃዱን በየዓመቱ ለማራዘም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 25,000 ባት ነው፤ ለራስህም ቢሆን ከፍለህ፣ ግብሩን አስገብተህ ማሳየት አለብህ። ሰነዱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ የፓስፖርት ቅጂ ገጽ ይፈረምበታል። አድካሚ ነው እንጂ የሚከብድ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ወረቀት የሚያስጨርሱ ድርጅቶች «51 በመቶውን በስማቸው የሚይዙ ታይላንዳውያን እኛው ጋር አሉ» ይሏችኋል። እሺ እንዳትሉ። ስም ማዋስ እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ባት ቅጣት ያለበት ወንጀል ነው፤ የሚጠየቀውም ስሙን ያዋሰው ብቻ አይደለም። እኔ አምስት ወር ፈጅቶብኝ እውነተኛ ሸሪክ አገኘሁ፤ እዚያው ቤት ውስጥ ኑድል ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ገንዘቧን አውጥታለች፤ ሂሳቡን ከእኔ በላይ ትከታተላለች። ደግሞም ለታማሚ ማስተርጎምና ሰው ማዞር እንደ ቀላል ገቢ የምታዩ ልጆች፣ ማስጎብኘት ለውጭ ዜጋ ጨርሶ የተከለከለ ሥራ መሆኑን እወቁ። ወርክ ፐርሚት ቢኖራችሁ እንኳ አይፈቀድም።

እንጀራው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጤፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ ነው የምጋግረው። የባንኮክ ሙቀት ሊጡን አያስተኛውም፤ አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈልገው እዚህ በማግስቱ ይኮመጥጣል። ምጣዱን የያዘችው ከሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ከኢሳን የመጣች፣ «ፒ» የምንላት ሠራተኛዬ ናት። ፒ ማለት ለታላቅ የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ እንደኛ «እትዬ» ያለ። ዓይን ያለው እንጀራ ለማውጣት አራት ወር ፈጀባት። ዛሬ ከእኔ ትበልጣለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ለሥራ በሚሰጠው በኖን-ቢ ቪዛ ስትገቡ 90 ቀን ይሰጣችኋል። ከዚያ 1,900 ባት ከፍላችሁ የአንድ ዓመት ኤክስቴንሽን (የመኖሪያ ፈቃድ ማራዘሚያ) ታገኛላችሁ። ያ ኤክስቴንሽን እግራችሁ ከታይላንድ በወጣበት ቅጽበት ይሞታል። እንዳይሞት የሚያደርገው ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት የሚባል ማኅተም ነው፦ ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት። እስከዚህ ድረስ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ሪ-ኢንትሪው የሚያበቃው ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር በአንድ ቀን መሆኑን ነው። ፈቃዱ ሲታደስ ሪ-ኢንትሪው አብሮ አይታደስም። እንደገና መግዛት አለባችሁ፣ በየዓመቱ።

የብዙ ጊዜውን ገዝቼ ነበር፤ በእርሱም ለጥምቀት አገር ቤት ሄጄ ተመልሻለሁ። ፓስፖርቴ ውስጥ ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ እንዳለኝ አምን ነበር።

ኅዳር 2016 ዓ.ም. ቼንግ ዋታና ወዳለው ኢሚግሬሽን ኤክስቴንሽኑን ላሳድስ ሄድኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተሰልፌያለሁ። ቁጥሬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው የምሳ ሰዓት ሆነና መስኮቱ ተዘጋ። ከምሳ በኋላ መኮንኑ ሰነዴን አንድ በአንድ አገላብጦ፣ አንድ ያልፈረምኩበት ገጽ አግኝቶ፣ አስፈርሞኝ፣ ማኅተሙን መታ። «ሌላ የቀረኝ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። በደንብ አስታውሳለሁ፣ ጠይቄዋለሁ። ፈገግ ብሎ «አልቋል» አለኝ። የሪ-ኢንትሪው መስኮት እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ያለፈው ዓመት ማኅተም ፊቱ ባለው ፓስፖርት ላይ ነበር። አንድ ቃል፣ «ልትጓዝ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ፣ ሁለት ወር ታተርፍልኝ ነበር። ወረቀቴን የሚሠራልኝ ድርጅት ሰውም አብሮኝ ነበር። ለዚያ ቀን አገልግሎቱ ከመንግሥት ክፍያው ብዙ እጥፍ ወስዶብኛል፤ እርሱም ምንም አላለም።

የካቲት ላይ ሌሊት ስልክ ተደወለ። እህቴ ናት፤ ገና ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። በማግስቱ በተገኘው በረራ ተነሣሁ። ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ የመውጫ መኮንኑ ፓስፖርቴን አየ፣ መታ፣ መለሰልኝ። ሪ-ኢንትሪ መኖር አለመኖሩን የመንገር ግዴታ የለበትም፤ እርሱ የሚያየው መውጣቴን ነው። በኋላ ያወቅሁት ግን እስካሁን ያንገበግበኛል፦ እዚያው አየር ማረፊያ ውስጥ ለሚጓዝ ሰው ሪ-ኢንትሪ የሚሰጥ መስኮት አለ። ፎቶግራፍ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ አንድ ቅጽና 1,000 ባት ብቻ። እያለቀስኩ አጠገቡ አልፌ ሄጃለሁ።

ቀብሩ አለፈ፣ ሰልስቱ አለፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦሌ ቆምኩ። ልጅቷ ጨዋ ነበረች። ጣቷን መጀመሪያ አዲሱ ኤክስቴንሽን ላይ አደረገች፤ እስከ ኅዳር 2024 ይላል። ከዚያ ገጹን ገልጣ የሪ-ኢንትሪው ማኅተም ላይ አደረገች፤ እስከ ኅዳር 2023። ያው ቀን፣ ያው ወር፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ 3 እና 4። በወርክ ፐርሚቴ ላይ ዓመቱ በታይላንድ አቆጣጠር 2567 ነው፣ ቤት ስገባ 2016 ነው፣ ፓስፖርቴ ላይ 2024 ነው። በሦስት አቆጣጠር እየኖርኩ ያቺን አንዲት ቁጥር አላየኋትም። ተከራከርኳት፤ አፍሬበታለሁ፤ እርሷ ልክ ነበረች።

ያኔ ኢትዮጵያውያን ባንኮክ ሲደርሱ የሚወስዱት ቪዛ ነበር፤ በእርሱ ልግባ ብዬ አሰብኩ። 15 ቀን ነበር የሚሰጠው፣ የጎብኚ ነው፣ ሥራ አይሠራበትም። በእርሱ ገብቼ ኩሽናዬ ውስጥ ብገኝ ሌላ ጥፋት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ስለሞተ ወርክ ፐርሚቱም አብሮ ሞቷል። ስለዚህ ሁሉም ከዜሮ ተጀመረ፦ ከሥራ ሚኒስቴራቸው የቅድሚያ ፈቃድ ደብዳቤ፣ በእርሱ አዲስ የኖን-ቢ ማመልከቻ፣ 2,000 ባት ክፍያ። ደብዳቤውን ሸሪኬ ናት ሮጣ ያወጣችው። ሁለት ጊዜ መለሷት፤ አንዴ የኩባንያው ማስረጃ የቆየ ነው ብለው፣ አንዴ የቤቱ ፎቶ ላይ የውጪው ቁጥር አይታይም ብለው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊነግሯት ይችሉ ነበር። ይህ እስካሁን ያናድደኛል። ከዚያ ሶንግክራን ገባ፤ የዘመን መለወጫቸው ነው፣ ቢሮ ሁሉ ይዘጋል።

ያ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነበር፣ ለእኛ ቤት ዋናው ገበያ። የቤት ኪራይ 45,000 ባት፣ የአራት ሰው ደመወዝ፣ የማኅበራዊ ዋስትናው መዋጮ፣ ሁሉም እኔ ኖርኩ አልኖርኩ ይከፈላል። ሠራተኛ ልቀንስ ብል አዲሱ ወርክ ፐርሚት አራቱን ይጠይቃል። ፒ ሽሮና ምስር ብቻ እየሠራች ቤቱን ክፍት አድርጋ ቆየች። ጠዋት ጠዋት ትደውልልኛለች። አንድ ቀን ባልዲውን ወደ ካሜራው አዘንብላ ላዩ ላይ የቋረውን ቢጫ እርሾ አሳየችኝና «ፕሪያው ሌው» አለች፣ ኮምጥጧል። ካስለመድኳት ጀምሮ አንድም ቀን እንዲሞት አላደረገችውም። እኔ እዚያ ሳሎን፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

በመታገዴ የእናቴን አርባ አውጥቻለሁ። ባንኮክ ብመለስ አልደርስበትም ነበር። ስለዚህ ነገሩን ሙሉ በሙሉ መጥላት አልቻልኩም፤ ራሴን ግን ይቅር አላልኩትም።

የተመለስኩት በሚያዝያ አጋማሽ ነው። ስትመለሱ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን እጃችሁ ላይ ያዙ፤ ከኢሚግሬሽኑ በፊት ጤና ቁጥጥር ዘንድ ኢትዮጵያዊን ይጠይቃሉ።

ምክሬ እንዲህ ነው፣ ከኦፊሴላዊው ጋር ባይገጥምም። መጓዝ ሲኖርባችሁ ሪ-ኢንትሪ ግዙ ይላሉ፤ አትስሙ። ኤክስቴንሽኑ በተመታበት ቀን፣ ከሕንፃው ሳትወጡ፣ የብዙ ጊዜውን በ3,800 ባት ግዙ። ጉዞ ባታቅዱም። የእኛ ሰው ጉዞ በዕቅድ አይመጣም፤ በሌሊት ስልክ ነው የሚመጣ። በየ90 ቀኑ አድራሻችሁን ለኢሚግሬሽን የምታሳውቁበትን ሪፖርትም በኢንተርኔት ይቻላል ይላሉ፤ የእኔ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ተመልሷል። ቀኑ ከመድረሱ 15 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 7 ቀን በኋላ በአካል መሄድ ይቻላል፤ አሳልፋችሁ ብትሄዱ ቅጣቱ 2,000 ባት ነው። ሂዱና ጨርሱ። ወረቀት አስጨራሽ ብትቀጥሩም ፓስፖርታችሁን ራሳችሁ አንብቡ፤ እያንዳንዱን ማኅተም፣ እያንዳንዱን ዓመት።

በዚህ ዓመት ሲታደስልኝ መኮንኗ ሪ-ኢንትሪውን ስጠይቃት «ወዴት ልትሄድ ነው?» አለችኝ። የትም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ቅጹን ሰጠችኝ። ማኅተሙ ሲመታ ዓመቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ከዚያ ከኤክስቴንሽኑ ጋር ጎን ለጎን ይዤ እንደገና አነበብኩት።