አፈር የዋጠው ግንድ

የግቢው ባለቤት የጠሩኝ ዛፉን እንድቆርጥላቸው ነበር። ከቤቱ በስተጀርባ የቆመው ይህ ትልቅ ዛፍ ለረጅም ዘመን ግቢውን በጥላው ሸፍኖ ኖሮ፣ ከጊዜ በኋላ ግን የአናቱ ቅርንጫፎች ከጫፋቸው ጀምረው ይደርቁ፣ የቀሩት ቅጠሎችም ከወትሮው እያነሱና ያለ ጊዜያቸው ቢጫ እየሆኑ ይረግፉ ጀመር። ባለቤቱ ውሃ የጠማው ስለመሰላቸው ማታ ማታ ጎማ ዘርግተው ያጠጡታል፤ ማዳበሪያም ጨምረውለታል። «ያላደረግሁለት ነገር የለም፣ ልጄ፤ ቤቱ ላይ ሳይወድቅ ቢቆረጥ ይሻላል» አሉኝ።

የታመመ ዛፍ ሲያዩ ዓይን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቅጠሉ ነው፤ ቅጠል ግን ሕመም መኖሩን ይናገራል እንጂ ከየት እንደመጣ እምብዛም አይናገርም። ስለዚህ ምርመራዬን የምጀምረው ከግንዱ ግርጌ ነው። በትክክለኛው ጥልቀት የቆመ ዛፍ ግንዱ መሬት ሲቃረብ እየሰፋ ይሄድና ዋና ዋናዎቹ ሥሮች ከግንዱ ሲለያዩ ከአፈሩ በላይ በግልጽ ይታያሉ። የእኚህ ሰው ዛፍ ግን እንደተቸከለ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሣሩ ውስጥ ይገባ ነበር። ሣሩ መቼ እንደተተከለ ስጠይቃቸው፣ ቦታው ቀድሞ ተዳፋት እንደነበረና ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ባለሙያ በመኪና አፈር አስመጥቶ ደልድሎ ሣር እንደተከለበት ነገሩኝ።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት በእጅ መኮትኮቻ ከግንዱ ዙሪያ አፈሩን በጥንቃቄ ማንሣት ጀመረ። አካፋና ዶማ እንዳይጠቀም ነግሬው ነበር፤ የረጠበ ቅርፊት በቀላሉ ይላጣልና። ጥቂት እንደቆፈረ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ግንዱ እዚህ አያልቅም፤ ገና ወደ ታች ይቀጥላል» አለኝ። ዋና ሥሮቹን ያገኘናቸው ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ከወረድን በኋላ ነው። የተቀበረው ቅርፊት ጠቁሮና ልሞ አልፎ አልፎም በስብሶ ነበር፤ በአዲሱ አፈር ውስጥ የበቀሉ ሥሮችም ወደ ውጭ በመዘርጋት ፈንታ ግንዱን ዞረው መጠምጠም ጀምረዋል።

ባለቤቱ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና «አፈር ለዛፍ ምግብ አይደለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ግቢ የሚጎዳውም ይህ ሐሳብ በሁሉም ዘንድ ስላለ ይመስለኛል። ሥር ውሃና ማዕድን ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲሆን፣ የሚዘረጉትም ከቅርንጫፎቹ ጫፍ እጅግ አልፈው ነው። በላያቸው ሌላ አፈር ሲደለደል፣ ይልቁንም ከባድ መኪና ሲጠቀጥቀው፣ አየር ወደ እነርሱ መድረሱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ በየቀኑ ውሃ ሲጨመር በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የቀረችውን አየር ውሃው ያስወጣታል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ዙሪያው ውሃ ሞልቶ እያለ እንኳ መሳብ ስለሚያቅተው ቅጠሉ ልክ የተጠማ ዛፍ ቅጠል መስሎ ይጠወልጋል። የግንዱ ቅርፊትም ከሥር በተለየ ሁኔታ ዘወትር እርጥበት እንዲችል አልተፈጠረም። ሲበሰብስ፣ ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደው ልጥ አብሮ ይጎዳል። ዛፉ ያጠራቀመው ምግብ ስላለው ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ደልዳዩንም ባለቤቱንም ማንም አያስጠነቅቃቸውም።

ከዚህ በኋላ የነበረው ክርክር ስለ ሣሩ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው የሚጫወቱበት ስለሆነ ባለቤቱ ሊያጡት አልፈለጉም፤ ግንዱን ብቻ የሚከብ ክብ የድንጋይ ካብ ሠርተን የቀረውን እንድንተወው ሐሳብ አቀረቡ። እንዲህ ዓይነቱ ካብ ቅርፊቱን ከመበስበስ ያድናል፤ ዙሪያውን ርቀው ለተቀበሩት ሥሮች ግን ምንም አይፈይድም። በመጨረሻ የተስማማነው ከቅርንጫፎቹ በታች ያለውን አፈር በሙሉ ወደ ቀድሞው ወለል ልናወርድ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሣር ግን ሳንነካ መካከሉን በዝቅተኛ የድንጋይ እርከን ልንለይ ነው። ሥራው አድካሚ ነበር፤ የድሮው ወለል አጠገብ ስንደርስ ሁሉም በእጅና በቀላል መሣሪያ ሆነ። ግንዱን ከጠመጠሙት ሥሮች ቀጫጭኖቹን ቆረጥን፤ ወፍራሞቹን በአንድ ጊዜ መቁረጥ የተዳከመውን ዛፍ የሚስበውን ውሃ ስለሚያሳጣው በየተራ እንዲሆን ወሰንኩ። ማዳበሪያውን አስቆምኩ፤ የታመመን ዛፍ አዲስ ቅጠል እንዲያበዛ ማስገደድ ያለችውን ስንቅ ማስጨረስ ነው። የውሃውም ጉዳይ አፈሩን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቀው ደርቆ ሲያገኙት ብቻ እንዲያጠጡ ተወሰነ። በሣሩ ፈንታ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ ጎዘጎዝን፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ ዙሪያውን ክፍት ተውነው።

ዛፉ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። የደረቁት ቅርንጫፎች ተቆርጠዋል፤ በአንድ በኩል ቅርፊቱ የበሰበሰበት ቦታም ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፣ ጥንካሬውም በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ቢሆንም ከቀጣዩ የእድገት ወቅት ጀምሮ ቅጠሎቹ ስፋታቸውን እያገኙ መጡ፤ የአናቱ መድረቅም ቆመ። አሁን የመደልደል ሥራ ያለበትን ግቢ ስረከብ አፈር የጫነ መኪና ከመግባቱ በፊት ከእያንዳንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ ጫፍ አልፌ ገመድ አስራለሁ፤ ከገመዱ ወደ ዛፉ በኩል አፈር እንደማይደፋም በውሉ ውስጥ አስጽፋለሁ። አንዳንድ ደንበኞች ቦታ ያባከንኩባቸው ይመስላቸዋል፤ በዚህ ነጥብ ግን አልደራደርም።

ባለቤቱ የዛፉን ለውጥ ካዩ በኋላ በአጥሩ ዳር የተከሏቸውን ሁለት ወጣት ዛፎች እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። እነርሱም ከሚገባው በላይ ጠልቀው ተተክለው ነበር። ገና ትንንሽ ስለሆኑ ከነአፈራቸው አንሥተን፣ የሥሮቹ መነሻ ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ አድርገን መልሰን ተከልናቸው።