የጋሼ ላፕቶፕ

ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወደ ሐይቅ ወረድኩ። ልጅ ሆኜ ፊደል ያስቆጠሩኝ አስተማሪዬ ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚያ ነው የሚኖሩት። አሁን የአካባቢያቸውን ታሪክ በላፕቶፕ እየጻፉ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ሥራ አስፈታኝ» ብለው ሲደውሉልኝ መቅረት አልቻልኩም።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው። ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው) 4 ጂቢ፣ ዲስኩም የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ። «ሳበራው ቡናው ይቆላል፣ አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ገና ነው» አሉኝ። ሰዓት ያዝኩ። 7 ደቂቃ!

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ሁሉም ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን ይላል። እኔ መጀመሪያ ምን እንዳጨናነቀው ማየት እመርጣለሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የጋሼ ዲስክ የሥራ ጫናው 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል። ስታርትአፕ የሚለውን ስከፍት፣ 11 ፕሮግራሞች ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው ይነሳሉ። የሙዚቃ ማጫወቻ አለ። ድሮ የሰጡት ፕሪንተር ፕሮግራም እንኳ አለ። ሁሉም ከዚያ ቀርፋፋ ዲስክ ለማንበብ ይሻማሉ። በቀኝ ክሊክ ዲሴብል አደረግኳቸው። ይሄ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ስትፈልጉ ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። አንቲቫይረሱን ግን እንዳትነኩት።

ዊንዶውሱ ያለበት የዲስኩ ክፍል፣ ሲ ድራይቭ ላይ የቀረው ቦታ 2 ጂቢ ብቻ ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን ቪዲዮ ወደ ሌላው ክፍል፣ ወደ ዲ ድራይቭ አዛወርን።

ቀጥሎ ወደ ጌጣጌጡ ሄድኩ። መፈለጊያው ላይ ፐርፎርማንስ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የዊንዶውስን መልክ ማስተካከያ ያመጣላችኋል። «አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚለውን መረጥኩ። የመስኮቱ መንሸራተት፣ ጥላው፣ ሁሉም ቀረ። ደስ አለኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉ። «ፊደሉ ሻከረብኝ እኮ!»

እውነታቸውን ነው። የፊደል ጠርዝ የሚያለሰልሰውም አብሮ ጠፍቷል። አማርኛ የምትጽፉ ሰዎች እዚህ ጋ ልብ በሉ። «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለያቸው ያቺ ትንሽ ቅጥያ የት ቦታ እንደገባች ነው። ይህንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠርዙ ሲሻክር በትንሽ መጠን የተጻፈ ገጽ ዓይን ያደክማል፣ በተለይ የትልቅ ሰው ዓይን። ስለዚህ ከዝርዝሩ ውስጥ «ስሙዝ ኤጅስ ኦፍ ስክሪን ፎንትስ» የምትለዋን ብቻ መልሼ ራይት አደረግኩባት። ፊደሉ ተመለሰ፣ ፍጥነቱም አልቀነሰ።

አጥፍተን ስናበራው 3 ደቂቃ አልሞላም። ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ቢገባለት ከዚህ ሁሉ እንደሚበልጥ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ስመጣ እገጥምልዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

«አብሽር ልጄ፣ ትደርስበታለህ» አሉኝ። አቦሉ ሲቀዳ ጋሼ መጻፍ ጀምረው ነበር።