ጣና ዳር ሆኜ ስለ ኮራል ስማር፦ ያ የሙቀት ሒሳብ ገባኝ

በመጨረሻ ገባኝ! ስለ መነሻው ብዙ አልልም። ኮራል እንስሳ ነው። ሰውነቱ ውስጥ የሚኖር አልጌ (እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራ ደቃቅ ነገር) ይመግበዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌውን ያስወጣና ይነጣል። ይሄን ማንኛውም ቪዲዮ ያስረዳችኋል።

እኔን ፍዳዬን ያበላኝ «ዲግሪ-ሳምንት» የሚሉት መለኪያ ነው። ኖዓ የተባለው የአሜሪካ ተቋም በሳተላይት የባሕሩን ሙቀት እየለካ በየቀኑ ያወጣዋል። መጀመሪያ የቦታው በጣም ሞቃት ወር አማካይ ይያዛል፤ 28 ዲግሪ ነው እንበል። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ይመዘገባል፤ 1 ዲግሪ ካልሞላ ግን አይቆጠርም። ሳምንቱ 28.8 ከሆነ ዜሮ፣ 29.5 ከሆነ 1.5። ያለፉት 12 ሳምንታት ድምር 4 ሲደርስ ኮራሉ መንጣት ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። 8 ከሞላ ደግሞ በሰፊው መንጣትና መሞት ይመጣል።

አልዋጥ ያለኝ ነገር፦ ውሃው ቀዝቅዞም ቁጥሩ ለምን ወዲያው አይወርድም? ለካ ሙቀቱ እንደ ሱቅ ዱቤ ይጠራቀማል። 2 ሳምንት በ2 ዲግሪ ትርፍና 4 ሳምንት በ1 ዲግሪ ትርፍ ዕዳቸው እኩል ነው። የገባኝም መብራት ጠፍቶ ኤክሴሉን ትቼ በደብተር ስደምር ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ ኖዓ የሚያወጣውን ቀይ የሙቀት ካርታ ከማየታችሁ በፊት አንድ ወቅት በእጃችሁ ደምሩ። ካርታ ብቻ ማየት ምንም አያስተምርም።

ጓደኞቼ «ጣና ላይ ኮራል አለ እንዴ?» ይሉኛል። የለም፤ ጨዋማ ውሃ ይፈልጋል። ለእኛ ቅርቡ ቀይ ባሕር ነው። ጣናንና የኮራል ባሕርን የሚያመሳስላቸው ደለሉ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ጣና ውስጥ የሚያራግፉት ዓይነት ጭቃ ባሕር ሲገባ ኮራሉን ያፍነዋል። ሪፍ (ኮራሎች የሠሩትን የባሕር ውስጥ ዐለት) የሚጠብቅ ሰው የዓለምን ሙቀት መቀነስ አይችልም። ጭቃውን፣ ፍሳሹንና ከልክ ያለፈውን ዓሣ ማስገር ግን መያዝ ይችላል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮራሉ ሲነጣ የተወሰኑ የጠላቂ ቱሪስት ቦታዎችን ዘግታ ነበር። እንዲህ ያለው እርምጃ ይጥመኛል።

የኮራል ተከላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አያሳምነኝም። ፎቶው ያምራል። ችግኝ ተክለን ስንቱ ጸደቀ ብለን የማንጠይቅ ሰዎች ነንና ምናልባት ለዚህ ይሆናል የምጠራጠረው። ፍሎሪዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሕሩ ሲግል፣ ለተከላ ብለው ባሕር ውስጥ ሲያሳድጓቸው የነበሩትን ኮራሎች እያወጡ የብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች አሽሽተዋል።

ቀጥሎ የምደምረው የዳህላክን አካባቢ ነው። መረጃውን ያወረደ ካለ ይላክልኝ። ከ50 ሜጋ በላይ ከሆነ ግን ይቅር፣ ኔቴ አይችለውም።