የሰባተኛው ኢኒንግ መኪኖች

የምሠራበት ፓርኪንግ ከናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ስታዲየም ብዙም አይርቅም። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኔቪ ያርድ ሰፈር። ከመስታወት ክፍሌ ሆኜ ሜዳውን አላየውም፤ ድምፁን ግን እሰማዋለሁ። ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) ሲመታ የሚነሳው ጩኸት ሕንፃዎቹን አልፎ ይመጣል። ዝምታውም ይመጣል። ዘንድሮ፣ በፈረንጁ 2025፣ የበዛው ዝምታው ነው።

ጨዋታው እንዴት እንደሆነ ሬዲዮ ሳልከፍት አውቃለሁ። መኪኖቹ ይነግሩኛል። ቡድኑ ደህና ቀን ካለው እስከ መጨረሻው ዙር፣ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ማንም አይወጣም፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይግተለተላል። ነገር ከተበላሸ ግን ሰባተኛው ላይ አንድ መኪና ይመጣል። ቀጥሎ ሁለት። ስምንተኛው ላይ ሰልፍ ይሆናል። መስኮት ዝቅ ይላል፣ ትኬት ይዘረጋል፣ ሰውየው ፊቴን አያየኝም። «ዛሬም?» እለዋለሁ። «ዛሬም» ይለኛል። ሚያዝያን ሙሉ ሰላምታችን ይሄ ነበር።

ቤዝቦል ለማያውቅ ሰው ነገሩን ባጭሩ ልንገር። እኔም ደሴ ነው ያደግኩት፤ ስመጣ የማውቀው እግር ኳስና የገና ጨዋታ ብቻ ነበር። በገና ጨዋታ ሩሯን ሁሉም ያሳድዳታል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር የሚነሳው ከአንድ ሰው እጅ ነው፤ ከፒቸሩ፣ ከወርዋሪው። ጨዋታው 9 ኢኒንግ ነው፤ በእያንዳንዱ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ ይመታሉ፣ ሦስት ሰው ሲወጣባቸው ተራቸው ያልፋል። ጀማሪው ወርዋሪ አምስት ስድስቱን ይዞ ይሄዳል። ክንዱ ሲዝል ከቡልፔን ሌላ ሰው ይጠራል። ቡልፔን ተጠባባቂ ወርዋሪዎች ተቀምጠው የሚያሟሙቁበት ቦታ ነው፤ ሰዎቹም በጅምላ በዚያው ስም ይጠራሉ። ሥራቸው አንድ ነው። ሌላው የሠራውን ሳያፈሱ ማድረስ።

ዘንድሮ እያፈሰሱት ነው።

የመክፈቻው ቀን መጋቢት 18 ነበር፣ በፈረንጁ ማርች 27። ጾም ስለሆነ ሽሮዬን በምሳ ዕቃ ይዤ ገባሁ። ከፊላደልፊያ ጋር ነው የምንጫወተው። የጀመረው ማኬንዚ ጎር ነው። 6 ኢኒንግ ወረወረ። 13 መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን መምታት አቅቷቸው፣ አሰናበተ። በስድስቱ ኢኒንግ አንድ ምት ብቻ ሰጠ። ዎክ (በአራት የሳተ ውርወራ መቺው የሚያገኘው ነፃ መንገድ) የለም፣ ነጥብ የለም። እኔ እንጀራዬን ጠቅልዬ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። አልጎረስኩትም። አንድ ልጅ ይሄን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሲሠራ እንዴት ይበላል?

ከዚያ ሰባተኛው ኢኒንግ መጣ። ጎር ወጣ፣ ሌላ ሰው ገባ። ብራይስ ሃርፐር ሆም ራን መታ። ሃርፐር እኮ የእኛው ልጅ ነበር፤ በ2019 ነው በ13 ዓመት ውል፣ በ330 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ የሄደው። ጨዋታው በእኩል ነጥብ እስከ ጭማሪው 10ኛ ኢኒንግ ተንጠላጥሎ ቆየና 7 ለ 3 ተሸነፍን። የጎር 13 ስትራይክ ገደል ገባ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራው በራችን ደፍ ላይ ተሰበረ። ዳገቱን ወጥታ ጨርሳለች። ገመዱን ከትከሻዋ ልትፈታ ጎንበስ ስትል ነው ያመለጣት። ውሃው በደጃችን ሲወርድ ቆማ አየችው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «እዚያ ታች በተሰበረ ይሻል ነበር» ብቻ አለች። ደጋፊዎች ስምንተኛው ላይ ለምን እንደዚያ እንደሚንገበገቡ የገባኝ ያንን ቀን ሳስታውስ ነው። ከመጀመሪያው የተሸነፍንበት ጨዋታ ያን ያህል አያቃጥልም። ደፍ ላይ ሲሰበር ነው አንጀት የሚያሳርረው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በሚያዝያ የዲሲ ማታ ይበርዳል፤ ብርድ ላይ ኳሱ ጣት ላይ አይጨበጥም ይላሉ። የጀማሪዎቹም ክንድ ገና አልጠነከረም። አሠልጣኙ ዘጠና ውርወራ ገደማ ላይ ያወጣቸዋል፤ ክርኑ የተቀደደ ወርዋሪ ቢያንስ አንድ ዓመት ከሜዳ ይርቃልና አልፈርድበትም። ስለዚህ ሦስት አራት ኢኒንግ ለቡልፔኑ ይተርፋል። በየማታው ሦስት አራት ኢኒንግ ደግሞ ብዙ ነው። የቡድኑ ባለቤቶች ለቡልፔኑ ብዙ ገንዘብ አላወጡም። እዚህ ላይ ነው የእኔም ቅሬታ። ጥሩ ጀማሪ ይዞ የሚረከበውን ሰው በርካሽ መፈለግ አይገባኝም። ሚያዝያ ላይ ከ30ዎቹ ቡድኖች ሁሉ የባሰ ቡልፔን የእኛ ነበር።

አንድ ደንበኛ አሉኝ። ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ የዚሁ ከተማ ተወላጅ። ስማቸውን አልጽፍም። እኔ በልቤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጅ ሳሉ የከተማው ቡድን ሴኔተርስ ይባል ነበር። በ1971 ወደ ቴክሳስ ሄደ። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ሕዝቡ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ሣሩን ሳይቀር እየነቀለ ወሰደ፤ ጨዋታውም ሳያልቅ ቀረ። ከዚያ እስከ 2005 ድረስ ዲሲ ቡድን አልነበራትም። ጋሼ ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ቡድን ሲሸነፍ ማየት ከባድ ነው። የሚሸነፍ ቡድን ማጣት ደግሞ ሌላ ነው» ብለውኛል።

ጋሼ ሁልጊዜ ደብተር ይይዛሉ። እያንዳንዱን መቺ፣ እያንዳንዱን ውርወራ በእርሳስ ይመዘግባሉ። ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። ምት ሲሆን መስመር ያሰምራሉ፣ ነጥብ ሲቆጠር ሳጥኑን ያጠቁራሉ። በዚህ ሚያዝያ አንድ ማታ መስኮቴ ጋ ቆመው ገጹን ገልጠው አሳዩኝ። እስከ ስድስተኛው ኢኒንግ ያሉት ሳጥኖች ንጹሕ ናቸው፤ ጽሑፉ ቀጭን፣ የተረጋጋ እጅ ነው። ሰባተኛው ላይ መስመሩ ይወፍራል። ስምንተኛው ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል። በቀዳዳው የቀጣዩ ቀን ባዶ ገጽ ይታያል። ምንም አላሉኝም። ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አሳርፈው ቆዩና ደብተሩን አጠፉት።

ከሳቸው ጋር የተዋወቅነው በ2019 ነው። ያ ዓመት ለእኔ የቤዝቦል ትምህርት ቤቴ ነበር፤ ሲጀምርም እንደ ዘንድሮ ነበር የጀመረው። ማክስ ሸርዘርን የመሰለ ጀማሪ ወርዋሪ እያለን፣ ስቲቨን ስትራስበርግ እያለ፣ ፓትሪክ ኮርቢን በ140 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ፣ ቡልፔኑ ግን ወንፊት ነበር። አንድ ወርዋሪ በመጀመሪያዎቹ አራት ጊዜ ሲገባ አንድ ሰው እንኳ ማውጣት አቃተው። ከክርን ቀዶ ሕክምና የተመለሰ ልጅ ነው። ከስሙ ጎን ቁጥር መጻፍ አልተቻለም። የተኛ ስምንት የሚመስል ምልክት ተጻፈበት። ቤት ሄጄ ልጄን ጠየቅኳት፤ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። «ማሚ፣ የሰጠውን ነጥብ ለወረወረው ኢኒንግ ታካፍያለሽ። እሱ ደግሞ ዜሮ ነው የወረወረው። በዜሮ አይካፈልም» አለችኝ። በሒሳብም መልስ የሌለው ሰው። ሌላው ሲስቅበት እኔን አንጀቴን በላኝ። በፊቱ ሠላሳ ሺ ሰው አለ። ሦስት ሰው ብቻ እንዲያወጣ ነው የተጠየቀው፤ ክንዱ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝለት አለ። ሰኔ ላይ አሰናበቱት።

ሜይ መጀመሪያ ላይ የወርዋሪዎቹን አሠልጣኝ አባረሩ። በዚያው ወር ኒው ዮርክ ሄደው በሜትስ አራቱንም ጨዋታ ተሸነፉ። ሁለቱን በስምንተኛው ኢኒንግ ነው የተሸነፉት፣ በዚያው የተረገመ ኢኒንግ። 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ተመለሱ። በማግስቱ እዚህ ከማያሚ ጋር ተጫወቱና 12 ለ 10 አሸነፉ። አሸንፈንም 10 ነጥብ ሰጥተናል! ያን ማታ የወጡት መኪኖች ግራ የገባቸው ነበሩ። ደስ ይበላቸው ወይስ ይናደዱ? ጋሼ ብቻ ፈገግ ብለው «ዛሬ እርሳሴ አልቋል» አሉኝ።

ከዚያ የሆነውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 74ቱን አሸነፉ። ቡልፔኑ ግን አልዳነም። ዓመቱን የጨረሰው በየ9 ኢኒንጉ በአማካይ 5.66 ነጥብ እየሰጠ ነው፤ ከሁለቱ ሊጎች በእኛው፣ በናሽናል ሊግ፣ የመጨረሻው። ሰው ይሄን ይረሳዋል። ጥቅምት ላይ አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። ጀማሪዎቹን ራሳቸውን መልሶ መጨረሻው ላይ ያስገባቸው ጀመር። ከሚልዋኪ ጋር ስትራስበርግ በትልቁ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቡልፔን ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ወረወረ። በሂዩስተን የሻምፒዮናው (የወርልድ ሲሪስ) የመጨረሻው ጨዋታ፣ ኦክቶበር 30፣ ሸርዘር አምስት፣ ኮርቢን ሦስት፣ ዳንኤል ሀድሰን የመጨረሻዋን። 6 ለ 2 አሸነፍን፤ ዋንጫው የእኛ ሆነ። የቀዳው ሰው ራሱ እንስራውን ቤት ድረስ ተሸክሞ ገባ። እኔ ያን ማታ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ጨዋታው ሂዩስተን ነዋ። መንገድ ላይ ክላክስ ሲነፋ ክፍሌን ቆልፌ ወጣሁና ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቀፍኩ። እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ዘንድሮ ሰው ሲያማርር «2019ን አስታውሱ» የሚሉ አሉ። እኔ ይሄን አባባል አልወደውም። ያኔ ሸርዘር ነበር፣ መቺዎቹ ሶቶና ሃዊ ኬንድሪክ ነበሩ። የዛሬው ቡድን ገና ልጆች ናቸው። ዝም በሉ ለማለት ያንን ዓመት ማንሳት ደጋፊውን መናቅ ነው። የሚያማርረው ሰው ትኬት ገዝቶ የመጣ ሰው ነው። ማክሰኞ ማታ፣ በብርድ፣ ልጁን ይዞ የመጣ። ያልቆረጠለት ሰው ነው የሚያማርረው። የቆረጠለትማ ፓርኪንጌ አይመጣም።

ስድብ ግን ሌላ ነው። ባለፈው አንድ ሰው ትኬቱን እየሰጠኝ ወርዋሪውን በእናቱ ተሳደበ። ከኋላ ወንበር ሰባት ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጧል፤ የቤዝቦል ጓንቱን እንዳጠለቀ ነው፣ አላወለቀውም። አባቱ ሲሳደብ ልጁ ጓንቱን ፊቱ ላይ አደረገው። ለአባትየው ሒሳቡን መልሼ ስሰጥ ለልጁ «ነገ ደግሞ አለ» አልኩት። በጓንቱ ጣቶች መሃል አየኝ።

የዘንድሮ ፋሲካ የእኛም የእነሱም አንድ ቀን ዋለ። ቡድኑ ከከተማ ውጭ ስለነበር ፓርኪንጉ ባዶ ነው፤ ዶሮዬን ረጋ ብዬ ሠራሁ። ጋሼ ያን ሰሞን የተቀደደውን ገጽ በፕላስተር ለጥፈው አሳዩኝ። ለምን አልጣሉትም ብዬ ጠየቅኳቸው። «የጎር ስድስት ኢኒንግ እኮ እዚህ ደብተር ውስጥ ነው» አሉኝ። ሲከስሩም ደብተር አይጣልም ማለታቸው መሰለኝ።

ይሄን የምጽፈው ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ቴርሞሴ ውስጥ ትንሽ ሻይ ቀርቷል። ጋሼ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ገብተዋል፤ አዲስ እርሳስ ከጆሯቸው ጀርባ ሰክተዋል። ሬዲዮውን ዝቅ አድርጌዋለሁ። እየመራን ነው። አሁን አሠልጣኙ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ሜዳው እየሄደ ነው አሉ። ኳሱን ከጀማሪው ሊቀበለው ነው። የቡልፔኑ በር ተከፈተ።

ሰባተኛው ኢኒንግ ነው። እስካሁን የወጣ መኪና የለም።