ከጸበሉ ጋር ሳልሻማ

መንዝ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ የሚያስታምም ነርስ ከጸበል ጋር ቢጣላ አያዋጣውም። ወደ ጤና ጣቢያችን የሚመጣው ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሰንብቶ የመጣ ነው፤ አለዚያም ከእኛ ወጥቶ ወደዚያው ሊሄድ ስንቁን ያዘጋጀ ነው። ቤተሰቡ መድኃኒት የሚያቋርጠው ሕክምናን ንቆ ሳይሆን «ጸበልና ኪኒን አይስማሙም» የሚል ምክር ከሌላ ጸበልተኛ ሰምቶ ነው። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ሁለቱ ሳይጋጩ የሚውሉበትን ሰዓት መፈለግ ጀመርኩ።

ጸበልተኛ ሌሊት ተነሥቶ ይጠመቃል፤ በባዶ ሆዱ ብዙ ጸበል ይጠጣል፤ ብዙ ጊዜም ያስመልሰዋል። ማለዳ የተዋጠ ኪኒን አብሮ ይወጣል። ጾም ከሆነ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ አለ። ለአእምሮ ሕመም የምንሰጠው ክሎርፕሮማዚን ግን እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ከፈቀደ ማታ ከራት በኋላ በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ሐኪሙን አማክረን ወደ ማታ ስናዞረው ከጸበሉም ከጾሙም ጋር ጠቡ ቀረ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ እጨምራለሁ፦ መድኃኒቱ ብድግ ሲሉ የደም ግፊትን ስለሚያወርድ፣ ሌሊት ለጥምቀት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ መደቡ ላይ ጥቂት ይቀመጥ። ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ለማይሆንለት ደግሞ በየወሩ ገደማ የሚወጋው ፍሉፌናዚን የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አለ፤ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ሲገኝ ማለቴ ነው።

ሰዓት ማስተካከሉ ግን ታካሚው ካላመነኝ ዋጋ የለውም። ሒልዴጋርድ ፔፕላው የተባለችው አሜሪካዊት ነርስ በ1952 እ.ኤ.አ. ስለ ነርስና ታካሚ ግንኙነት ስትጽፍ፣ ነርሷ መጀመሪያ ለታካሚው ባዕድ ሰው ናት ብላ ነው የምትነሣው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ለፈተና ያጠናሁት ነገር ነበር። ትርጉሙ የገባኝ አንዲት እናት ልጃቸውን እጁን በገመድ አስረው፣ ገመዱን በባና ሸፍነው ያመጡት ዕለት ነው። እናትየው ታሪኩን ሊነግሩኝ ሲጀምሩ «እማማ፣ እርስዎን ቀጥሎ እሰማለሁ» ብዬ ከልጁ ጎን ተቀመጥኩ። ስሜንና ሥራዬን ነገርኩት፤ ገመዱ የላጠውን የእጁን አንጓ እንዳጥብለት ጠየቅሁት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ወረፋ ሲበዛ ዝም ብሎ መቀመጥ ሥራ መፍታት ይመስላል፤ እኔ ግን ከማንኛውም ምክር ይልቅ የሚሠራልኝ እሱ ነው።

ቆይቶ «የሚሰድቡኝ ይሰሙሻል?» አለኝ።

«እኔ አልሰማቸውም። አንተ እንደምትሰማቸው ግን አምናለሁ። እንቅልፍ ከለከሉህ?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ እንቅልፉ ነው። ድምፁ የለም ብሎ መሟገት ሰውየውን ያርቃል፤ እሰማለሁ ብሎ መዋሸት ደግሞ ሕመሙን ያጸናል። ጭንቀቱን መንካት ግን ይቻላል። ገመዱን እናትየው ራሳቸው ፈቱት።

ሃሎፔሪዶል የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ታዘዘለት። ይህ መድኃኒት፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገትን ሊያጣምም፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ሰው የሚለው የታወቀ ነው፦ ጋኔኑ ጠመዘዘው። ስለዚህ ገና ሳይሄዱ አንገቴን አጣምሜ አሳየኋቸው። «ይህ ከመጣ የመድኃኒቱ ነው፤ መፍትሔ አለው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት» አልኳቸው። እናትየው ሳቁብኝ። በማግስቱ ግን ልጃቸውን ደግፈው ከበሩ ላይ «ሲስተር፣ ያልሽው አንገት መጣ!» አሉ። የተጣመመውን የሚያፍታታ ፕሮሜታዚን ወጋነው፤ ትንሽ ቆይቶ አንገቱ ተመለሰ፤ ዳግም እንዳይዘው ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባል ኪኒንም ጨመርንለት። ባንነግራቸው ኖሮ ኪኒኑን ወርውረው ዳግም የማይመጡ ይመስለኛል። የጎንዮሽ ጉዳትን መንገር ታካሚን ያስፈራል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም።

አጥማቂውን ካህንም ሄጄ አነጋገርኳቸው። «አባ፣ ኪኒኑን አቁም አይበሉብኝ፤ እኔም ጸበሉን ተው አልልም» አልኳቸው። «ሉቃስስ ሐኪም አልነበረ?» ብለው ነገሩን አቀለሉት። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን ፌኖባርቢታልን በድንገት ሲያቆሙ ከፊተኛው የባሰ ተደጋጋሚ መንፈራገጥ ሊመጣባቸው እንደሚችል ያስረዳኋቸውም ያኔ ነው።

በሰዓት ማስተካከል የማላልፈው ግን አንድ ጉዳይ አለ፤ አረቄ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ጸበል ቦታ ገብቶ በአንድ ቀን ሲያቆም፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የሌለ ነገር ያያል። በዙሪያው ያሉት ርኩስ መንፈስ እየለቀቀው ነው ብለው ይደሰታሉ። ሰውየው ግን በዚያው ሊሞት ይችላል። ማረጋጊያው ዳያዜፓም፣ የቫይታሚን ቢ-አንድ መርፌና የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል። ከአባ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እኛ ይልኩታል፤ እኛ ሰውነቱ ሲረጋጋ ለጸበሉ እንመልሰዋለን። አብዛኛው ይመጣል። አንዳንዱ መንገድ ላይ አረቄ ቤት ጎራ ብሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ አባ የሰፈሩን ጎረምሳ ልከው ያስፈልጉታል።